አምስት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ፦ ለልጄ አስጠኚ ምስጋና፣ ለሐዋሳ ወላጆች ጥቆማ

የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ባለፈው ዓርብ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ካርዷን ይዛ መጣች፤ ሒሳብ 71። ይህ ቁጥር ለጎበዝ ልጅ ወላጅ ምንም ላይመስል ይችላል። ዓምና በዚሁ ወቅት ግን 38 አምጥታ ካርዱን ፍራሽ ሥር ደብቃው ነበር። የዘንድሮውን እኔ አጣጥፌ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ።

ምስጋናዬ እዚሁ ሐዋሳ፣ ወደ ሐይቁ ከሚወስዱት መንገዶች በአንዱ ገባ ብሎ ባለው መኖሪያ ቤታቸው፣ አምስት ልጆችን ብቻ ይዘው ለሚያስጠኑ ጡረታ የወጡ መምህርት ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈቀዱ «መምህርት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሳስታርቅ የምውል ሴት ነኝ፤ የልጄ ሒሳብ ግን አልታረቅ ብሎኝ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ። መጀመሪያ የወሰድኳት የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥበታል ወደተባለ አዳራሽ ነበር። የሁለት ወሩን ክፍያ በቅድሚያ ከፈልኩ። ከ60 የማያንሱ ልጆች በአግዳሚ ወንበር ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ አንድ ወጣት በማይክሮፎን ያስተምራቸዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ለአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ልጄ በመደበኛው ክፍል ያጣችውን ትኩረት ፍለጋ ሄዳ ከዚያ የባሰ መጨናነቅ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ክረምቱ ሲያልቅ በሰጧት ወረቀት ላይ «ጎበዝና ንቁ ተማሪ ነው» የሚል አስተያየት ተጽፎ አገኘሁ። ልጄ ሴት ናት።

ቀጥዬ ቤት ለቤት የሚያስጠና ሰው በወር 4,000 ብር ቀጠርኩ። የቤት ሥራዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ስሕተት አጣ፤ የፈተና ውጤቷ ግን ይብሱን ወረደ። ነገሩ የተገለጠልኝ ከሥራ ቀደም ብዬ ቤት የገባሁ ዕለት ነው፤ እሱ ይሠራል፣ እሷ ትገለብጣለች፣ በመካከል ስልኩን ይነካካል። መክሰስ አቅርቤ፣ ቡና አፍልቼ ያስተናገድኩት ሰው ስለነበር ቅያሜው እስካሁን አልወጣልኝም።

መምህርት ዘንድ የደረስነው በመስከረም፣ በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ እንኳ አልገለጡም። በአንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ሰጥተዋት አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ሲመለከቱ ቆዩና፣ የልጄ ክፍተት ከ8ኛ ክፍል ሳይሆን ከ4ኛ ክፍል፣ ከማካፈልና ከክፍልፋይ እንደሚጀምር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱበት። እኔ ይህን ስሰማ ያፈርኩት ለልጄ ሳይሆን ለራሴ ነው።

በማግሥቱ ያደረጉትን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የ4ኛ ክፍሉን መልመጃ ለልጄ ለብቻዋ አልሰጧትም፤ «ዛሬ የሁላችንንም መሠረት እንፈትሻለን» ብለው ለአምስቱም አደሉት። ለሦስት ሳምንት ያህል የዕለቱ ጥናት የሚጀመረው በዚሁ በ15 ደቂቃ ሥራ ነበር። ልጄ አንድ ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «እማ፣ ሌሎቹም እኮ ይሳሳታሉ!» አለችኝ። ቆይቶ ከሌላ ልጅ እናት ጋር ስንጨዋወት፣ ልጄ ከመምጣቷ በፊት እንዲህ ዓይነት መልመጃ ጨርሶ እንዳልነበረ ሰማሁ። መምህርትን ስጠይቃቸው «ለእሷ ብቻ ብሰጣት ኖሮ በሁለተኛው ቀን ትቀርብኝ ነበር» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት።

የማስተማር ዘዴያቸውን በዝርዝር ላስረዳ ብል አልችልበትም። ነገር ግን ልጆቹን ልወስድ ስሄድ በር ላይ ቆሜ ያየሁት አለ። አምስት ልጅ በከበበው ጠረጴዛ ላይ መደበቅ አይቻልም፤ ዝም ያለ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ከልጆቹ አንዱ ስሌቱን በቃሉ የሚያወጣ ሲሆን፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ግራ ይጋባል፤ ልጄ አንብባ ትተረጉምለታለች፣ እሱ ደግሞ አሠራሩን ያሳያታል። መምህርት በዚህ ጊዜ ዝም ብለው ያዳምጣሉ እንጂ ጣልቃ አይገቡም። ለብቻዋ በነበረችበት ጊዜ ከማን ጋር ተከራክራ ታውቅ ነበር?

በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሥነ ልቦና ለሚያስተምር ጎረቤቴ ይህን ሳጫውተው አልተደነቀም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥሩ አስጠኚ ያገኙ ተማሪዎች በመደበኛ ክፍል ከተማሩት በእጅጉ በልጠው መገኘታቸውን እንዳሳየ፣ አስጠኚ ሲልም ሁለት ሦስት ልጆችን በአንድ ላይ የሚይዘውንም እንደሚጨምር ነገረኝ። ስሌቱንም ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ወይም አምስት ልጅ ማለት 60 ልጅ ማለት እንዳልሆነ ከተረዳሁ ይበቃኛል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደንግጠን ነበር፤ ያን ጊዜ ያየሁት ወላጅ ሁሉ ለ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ይሯሯጥ ነበር። እባካችሁ ታናናሾቹንም ተመልከቱ፤ የእኔዋ ልጅ ጉድለት የተገኘው አራት ዓመት ወደ ኋላ ተሂዶ ነው።

እውነቱን ለመናገር መምህርት ቆጣ ይላሉ። አንድ ልጅ ካረፈደ አራቱ ስለሚጠብቁት፣ በዝናብ ምክንያት ባጃጅ አጥተን የዘገየን ዕለት እኔንም እንደ ተማሪ ገሥጸውኛል። ትክክል ነበሩ።

በወር የምከፍለው 1,500 ብር ነው። ለጊዜው ቦታ የላቸውም፤ ስድስተኛ ልጅ እንዲጨምሩ ዘመዳቸው ቢለምናቸውም እንዳልተቀበሉ አውቃለሁ። ሰኔ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ፈተና በኋላ የሚለቁ ስላሉ፣ ከአሁኑ መመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቦታ ካልደረሳችሁም በየሰፈራችሁ አራት አምስት ወላጆች ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ ጡረታ የወጣ ጥሩ መምህር በአካባቢያችሁ አይጠፋም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስንት ልጅ በአንድ ጊዜ እንደሚይዙና በመጀመሪያው ቀን ከልጃችሁ ጋር ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ አዳራሹ ውስጥ ብጠይቅ ኖሮ የሁለት ወር ክፍያዬን አተርፍ ነበር።

መምህርት፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዛሬ ባጃጅ እስክጠራላት እንኳ አልጠበቀችም፤ ደብተሯን ይዛ በእግሯ ቀድማ ወጥታለች።