ከደረጃው ስር የቆዩትን ቢራዎች ከፍተን ቀመስናቸው

ቤታችን ውስጥ ከደረጃው ስር አንዲት ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ አለች። መስኮት የላትም፣ አምፖል የላትም። ክረምት ከበጋ ሙቀቷ ከ12 ዲግሪ አይወርድም፣ ከ15 አይዘልም። ቴርሞሜትር አስገብቼ ዓመት ሙሉ ተከታትያታለሁ። ላለፉት አስራ ሁለት ዓመታት ቢራ የማስቆየው እዚያ ነው። ገዝቼ ለሳምንቱ የምጠጣውን አይደለም። "ይሄ ቢቆይ ምን ይሆን?" ብዬ የማስቀምጠውን ነው።

ባለፈው ወር በሩ አልዘጋ አለ። ባለቤቴ "እስከ መቼ ነው የምታስቀምጣቸው? ለመጠጣት አይደል የገዛሃቸው?" አለችኝ። ልክ ነበረች። አንድ ወዳጃችንን ጠራንና በሁለት ቅዳሜ ምሽቶች አስራ ሁለት ጠርሙስ ከፈትን። ለሦስት ሰው በትንሽ በትንሹ እየቀዳን፣ እያሸተትን፣ እየጻፍን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ቢራ እንዲቆይ ተብሎ አይጠመቅም። ላገር የሚባለው ቀለል ያለ የተለመደ ቢራ ትኩስነቱ ነው ጣዕሙ። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ቢራም እንደዚሁ፤ መዓዛው በወራት ውስጥ ይሸሻል። ዕድሜ የሚችለው አልኮሉ ከ8 በመቶ አካባቢ በላይ የሆነ፣ ብቅሉ የበረታ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሕይወት ያለው እርሾ የቀረለት፣ ወይም ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ቢራ ነው። እርሾው ጠርሙሱ ሲታሸግ አብሮ የገባውን ኦክስጅን ቶሎ ስለሚጠቀምበት ቢራውን ይጠብቀዋል።

ጠርሙሶቹን ከሁለት ቀን በፊት አውጥቼ አቆምኳቸው፣ አተላው እንዲረጋ። የጠጣናቸውም በ13 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተቀዳ ቢራ ምላስ ያደነዝዛል፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነውን ሽታም ይዞት ይቀራል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከትኩሱ ወደ አሮጌው ነው።

በኦርቫል ጀመርን። ኦርቫል በደቡብ ቤልጂየም በሚገኝ ገዳም የሚጠመቅ ቢራ ነው፤ ጠመቃው የተቋቋመው በ1931 ነው። አልኮሉ 6.2 በመቶ ብቻ ነው። ቅድም ባልኩት ሚዛን ከሄድን ለመቆየት የሚበቃ አይመስልም። ሚስጥሩ ያለው እርሾው ላይ ነው። ወደ ጠርሙስ ሲገባ ብሬታኖማይሲስ የሚባል የዱር እርሾ ይጨመርበታል። ይህ እርሾ ተራው እርሾ መብላት ያቃተውን ስኳር ቀስ እያለ፣ በወራት ይበላዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ታሽጎ እንኳ ቢራው ገና እየተሠራ ነው። የታሸገበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ስለሚጻፍ ዕድሜውን መገመት አያስፈልግም። እኛ የአራት ወር፣ የአንድ ዓመት ተኩል እና የአምስት ዓመት ነበረን።

የአራት ወሩን ስትቀርበው መጀመሪያ የሚመጣልህ ሆፕሱ ነው። አዲስ የታጨደ ሣር፣ የብርቱካን ልጣጭ። ምሬቱ ቀጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ከሦስቱ ይሄን መረጠች፤ እስከ መጨረሻም አልተበገረችም።

የአንድ ዓመት ተኩሉ ሲከፈት አረፋው ተነሣ። ብርጭቆውን አጋድዬ፣ ሁለት ጊዜ አቁሜ፣ እንደገና ቀዳሁት። ሆፕሱ ወደ ኋላ ብሎ የዱር እርሾው ፊት ወጥቷል፦ የደረቀ ድርቆሽ፣ ፀሐይ ያሞቀው የፈረስ ኮርቻ፣ የሎሚ ልጣጭ። በወረቀት ላይ ሲነበብ የማይጠጣ ይመስላል። አፍ ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ደግፎ ይቆማል። ከዋጥከው በኋላ አፍህ ደረቅ ብሎ ይቀራል፣ ያ ድርቀት ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ለእኔ የኦርቫል ትክክለኛ ዕድሜ ይሄ ነው።

አምስት ዓመት የሞላው ደከም ብሏል። ኮርቻው አለ፣ ድርቆሹ አለ። ምሬቱ ግን ሳስቷል፣ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ይሰማሃል። አልተበላሸም፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ብርጭቆ ግን ማናችንም አልቀዳንም።

ቀጥሎ አይፒኤ የሚባለውን፣ ሆፕስ የበዛበትን የቢራ ዓይነት ከፈትን። ስሙን አልጠራም፤ ጠማቂው ትኩስ ጠጡት ብሎ ጽፎበት ነበር፣ ሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሲሸተት ዝናብ ያገኘው ካርቶን ነው። ይህ ሽታ ስም አለው፤ ትራንስ-2-ኖኔናል ይባላል። ቢራ ሲያረጅ የሚፈጠር ውህድ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ማይክሮግራም በታች ቢገኝ እንኳ አፍንጫችን ይለየዋል። ፍራፍሬው ጠፍቶ የሚያጣብቅ ጣፋጭነት ብቻ ቀርቷል። ማጠቢያው ውስጥ ደፋነው።

አሁን ወደ ሺሜ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ሺሜ ሰማያዊው የተጀመረው ለገና በዓል ተብሎ ነው። 9 በመቶ አልኮል፣ ጠቆር ያለ፣ የቤልጂየም ትራፒስት መነኮሳት ቢራ። በትልቁ፣ በ75 ሳንቲሊትሩ ጠርሙስ ሲመጣ ግራንድ ሬዘርቭ ይባላል። ቡሽ አለው፣ ዓመቱም ይጻፍበታል። እኔ የ2023 አንድ፣ የ2015 ደግሞ ሁለት ጠርሙስ አወጣሁ። ሁለቱን የ2015ቶች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን ነው የገዛኋቸው። አንደኛው ከደረጃው ስር ከገባ ወዲህ አልተነቃነቀም። ሌላኛው ግን ቦታ ጠፍቶ "ለጊዜው" ተብሎ ወጥ ቤት ከፍሪጁ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ወጣ። እዚያው ተረሳ፤ አራት ዓመት። የፍሪጁ ጀርባ ሙቀት ይተፋል፣ ምድጃውም አጠገቡ ነው። በሞቃት ወራት እዚያ መደርደሪያ ላይ 28 ዲግሪ ለክቻለሁ። ጠርሙሱን ሳገኘው ወደ ደረጃው ስር መለስኩት፤ ዝም ብዬ ምልክት አደረግሁበት።

ለሁለቱ የነገርኳቸው ነገር የለም። ሦስት ብርጭቆ ደርድሬ ቀዳሁላቸው።

የ2023ቱ ገና ጎረምሳ ነው። ጋዙ ምላስ ይወጋል። ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር ፕሪም፣ ከኋላ አልኮሉ ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ሁሉም ነገር አለ፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚናገረው።

ከደረጃው ስር የወጣው 2015 ቡሹ ሲነቀል አልጮኸም። እፎይ የሚል ድምፅ ነው የሰማነው። መብራት ላይ ስታየው ቡናማነቱ ውስጥ ቀይ አለ። አረፋው ስስ ነው፣ ግን የብርጭቆውን ዙሪያ ይዞ ቆየ። ሽታው ተምር፣ ዘቢብ፣ የዋልነት ልጣጭ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ሼሪ ወይን ያለ ነገር። ያ ቁንዶ በርበሬ የለም። አልኮሉም የለም አልልም፤ አለ፣ ግን ተገርቷል። ከዋጥከው በኋላ ጣዕሙ አፍህ ውስጥ ይዞር ይዞርና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሁላችንም ዝም አልን። ወዳጃችን ብርጭቆውን ካፍንጫው ሳያወርድ ደቂቃ ያህል ቆየ። ስምንት ዓመት ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህችን አንዲት ጉንጭ ቢያገኝ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ሲታይ ያው ነው። ቀለሙ አንድ ነው። አረፋው ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። ሽታው የተቃጠለ ስኳር፣ እርጥብ ወረቀት፣ ከዚያ እንደ አኩሪ አተር ስጎ ያለ ጨዋማ ነገር። ይህ የመጨረሻው እርሾው ሙቀት ላይ ሞቶ፣ ፈርሶ፣ ውስጡን ቢራው ውስጥ ሲለቅ የሚመጣ ነው። አፍ ውስጥ ውሃ ውሃ ይላል፤ ጣፋጭነቱ አለ፣ የሚይዘው አካል የለም።

"ይሄኛው በስንት ዓመት ይበልጠዋል?" አለኝ ወዳጃችን።

"እኩያ ናቸው" አልኩት። "ካንድ ካርቶን የወጡ።"

አላመነኝም። ቡሾቹን አንስቶ አስተያያቸው።

ለእኔ የሁለቱ ቅዳሜ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ስንት ዓመት ላቆየው?" ብሎ ነው። እኔም ዓመታት ስቆጥር ኖሬያለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት "የት ላስቀምጠው?" ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነቱ በግምት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያሳለፋቸው አራት ዓመታት ከደረጃው ስር ካሉት አራት ዓመታት ጋር አንድ አይደሉም። ብርሃንም ሌላ ጠላት ነው። የሆፕሱን መራራ ውህዶች ሰብሮ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴው ይሻላል፣ ጨለማ ግን ከሁለቱም ይሻላል። ጥሩ ምድር ቤት ከሌለህ አትቀየም፤ ዓመቱን ሙሉ የማይሞቅ የልብስ ቁም ሳጥን ታች ከወጥ ቤት መደርደሪያ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

የቀሩትን ባጭሩ ልጨርስ።

ቢግፉት የካሊፎርኒያው ጠማቂ ሲየራ ኔቫዳ ከ1983 ጀምሮ የሚያወጣው ባርሊ ዋይን (ስሙ ወይን ቢልም ብርቱ ቢራ) ነው፤ 9.6 በመቶ። ትኩሱን የቀመሰ ምሬቱን አይረሳም። የ2016ቱ ላይ ያ ምሬት ተሞርዷል። ቶፊ ከረሜላና የብርቱካን ማርማላታ ሆኗል። ወደድኩት፤ ግን ሌላ ቢራ ነው። ሆፕሱን የሚወድ ሰው አያስቀምጠው፣ በዓመቱ ይጠጣው።

የለንደኑ ጠማቂ ፉለርስ ከ1997 ጀምሮ በዓመት አንዴ ቪንቴጅ ኤል የሚባል ቢራ ያወጣል፣ 8.5 በመቶ። የ2017ቱ ዝግ ብሎብኛል፤ ሽታውን ለማውጣት ብርጭቆውን በእጄ ማሞቅ ነበረብኝ። የ2012ቱ ግን የዳቦ ቅርፊት፣ ማር፣ የደረቀ አፕሪኮት። ከሺሜው ቀጥሎ በምሽቶቹ ሁለተኛ ያደረግሁት እሱን ነው።

ቡና የገባበት አንድ ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራም ነበር፤ ስሙ ይቆየኝ። 11 በመቶ ስለሆነ "ይሄ አያረጅም" ብዬ አምስት ዓመት አቆየሁት። ቢራው ራሱ ደህና ነበር። ቡናው ግን ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል። አልኮሉ ቢራውን ቢጠብቅም የቡናን መዓዛ አይጠብቅም። ቡና የገባበት ስታውት እጅህ ከገባ በወራት ውስጥ ጠጣው።

መዝጊያው ከቤልጂየሟ ሌምቤክ መንደር የመጣ የ2013 ኦውደ ጌውዘ ቦን ነበር። ጌውዘ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢኮች (በዱር እርሾ የሚፈሉ ኮምጣጣ ቢራዎች) ተቀላቅለው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና የሚፈሉበት ቢራ ነው። እርሾ አይገዛለትም፤ የተፈላው ጭማቂ ሌሊቱን በክፍት ገንዳ ይቀዘቅዛል፣ ካየሩና ከበርሜሉ እንጨት እርሾው ይመጣል። የሚገባበት ሆፕስም ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተቀመጠ ነው፤ መዓዛውን ሳይሆን ቢራውን እንዳይበላሽ መጠበቁን ይፈልጉታል። እንግዲህ ገና ሲሠራ ከዕድሜ ጋር የተስማማ ቢራ ነው። ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ ጋዙ ሕያው ነው። ኮምጣጣነቱ እንደ አረንጓዴ ፖም የሰላ ሳይሆን እንደበሰለ የወይን ፍሬ የተለሳለሰ ሆኗል። እንጨት፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ማር። ቅድም በኦርቫል ያልተበገረችው ባለቤቴ "ይሄን ለምን ሁለት አላደረግከውም?" ብላ ጠርሙሱን ወደ ራሷ ሳበች። አተላውን እንኳ አልተወችም።

ከደረጃው ስር አሁን ዘጠኝ ጠርሙስ ቀርቷል። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ የ2023 ሺሜ ናቸው። ወረቀት ፕላስተር ለጥፌ አንዱ ላይ "2027"፣ ሌላው ላይ "2031" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ከፍሪጁ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አሁን ያሉት ሰሃኖች ናቸው።