ባልና ሚስት ፎቶግራፈር ወይስ አንድ ሰው?

የአዲስ አበባ ሰርግ ጠዋት የሚጀምረው ሁለት ቤት ነው። ሙሽራዋ ስትለብስ ሙሽራው ሌላ ሰፈር ከሚዜዎቹ ጋር ክራቫት ያስራል። አንድ ፎቶግራፈር አንዱን ቤት ይመርጣል፤ አለዚያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሁለቱን ለማዳረስ ይሮጣል። እኔና ባለቤቴ ግን እንከፋፈላለን። እሷ ሙሽራዋ ክፍል ትገባለች። እኔ ብሞክር እናትየው በር ላይ ያስቆሙኛል፤ ልክም ናቸው።

ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ ልዩነቱ ይጎላል። በሩ ተይዞ ሲዘፈንበት እኔ ውጭ ሆኜ የሱን ላብ፣ እሷ ውስጥ ሆና የከልካዮቹን ሳቅ እናነሳለን። ብቻውን የመጣ ሰው አንዱ ያመልጠዋል።

ዋጋው? ሁለት ሰው፣ ሁለት ካሜራ፣ ይወደዳል። ጠባብ ሳሎን ውስጥም ከቪዲዮ አንሺው ጋር ተደምረን እንግዳ እንጋርዳለን። ደግሞ ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን፣ ልጃችን ከታመመ ሁለታችንም ነን የምንቸገረው።

ከሰርጉ በፊት እንጦጦ ፓርክ ወጥታችሁ ለምትነሱት ፎቶ አንድ ሰው ይበቃል። ካሜራ ፊት የምታፍሩ ከሆነ ግን ጥንድ ይሻላል። እኔና ባለቤቴ ስለ ብርሃኑ ስንጨቃጨቅ እጮኛሞቹ መሳቅ ይጀምራሉ። ያኔ ነው የምናነሳቸው።