ለመለሎ ልጅ የትኛው ሱሪ? የቱርኩ፣ የቻይናው፣ የአሜሪካው ወይስ ልብስ ሰፊ ጋ?

ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ቁመቱ 101 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 14.8 ኪሎ ነው። መለሎ ነው። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን። ሱሪ ልገዛለት በወጣሁ ቁጥር ያው ችግር ይገጥመኛል። ወገቡ ልክ የመጣለት ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ርዝመቱ ልክ የመጣው ደግሞ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወርድበታል። ባለፈው የገና ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በአንድ እጄ ጧፍ፣ በሌላው የልጄን ሱሪ ይዤ ነው ያመሸሁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ ያዝኩት። ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ ላይ የሚገኘውን የልጆች ሱሪ እየለካሁ ማወዳደር ጀመርኩ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሱሪውን በርዝመቱ ምረጡ፣ ወገቡን አጥብቡ። ሰፊ ወገብ መጥበብ ይችላል። አጭር እግር ግን ከየትም አይረዝምም።

መጀመሪያ ልጁን ለኩት። ዕድሜውን ለጊዜው እርሱት። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንዱ የወገቡ ዙሪያ ነው፤ ሱሪው የሚያርፍበት ቦታ ላይ። የትንሽ ልጅ ሆድ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ አንድ አይደለምና በልቶ ሲጨርስ ለኩት። ሌላው የእግሩ ርዝመት ነው፤ በውስጥ በኩል ከጭኖቹ መገናኛ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጥንት። የኔ ልጅ ወገቡ 48፣ እግሩ 43 ነው። አልቆም ብሎ ካስቸገራችሁ በጣም ልክ የሚሆነውን ሱሪ ዘርግታችሁ እሱን ለኩ። ሱቅ ውስጥም እንደዚያው ነው። ሱሪውን ባንኮኒው ላይ አንጥፉት፣ የወገቡን ስፋት ለክታችሁ በሁለት አባዙት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ለምን ዕድሜ እንደማይሠራ ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ ላይ የወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት በሁለት ዓመቱ 87.1፣ በሦስት ዓመቱ 96.1 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ዓመት 9 ሴንቲ ማለት ነው። የአውሮፓ የልጆች ልብስ ቁጥር ደግሞ በልጁ ቁመት ነው የሚሰየመው። 86፣ 92፣ 98፣ 104፣ 110 እያለ በ6 ሴንቲ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቁጥር የሚያገለግለው ለስምንት ወር ያህል ነው። ወገቡስ? ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ስትሄዱ ወገብ የሚጨምረው 1 ሴንቲ ገደማ ብቻ ነው። እግር ይሮጣል፣ ወገብ ባለበት ይቆማል። ቀጭን ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። 104 ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው 54 ሴንቲ ገደማ ወገብ ላለው ልጅ ነው። የኔ 48 ነው። በዚህች 6 ሴንቲ ምክንያት ነው ሱሪው የሚወርደው።

በነገራችን ላይ «ልጁ አይበላም እንዴ?» የሚሏችሁ ሰዎች አይጠፉም። እኔም ስንቴ ተከፍቻለሁ። የዕድገት ካርዱ ላይ መስመሩ በራሱ መንገድ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ቀጭን መሆን ብቻውን በሽታ አይደለም። መስመሩ ከቆመ ወይም ካጎነበሰ ግን የሱሪውን ነገር ተዉትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ተሰፍተው ከሚሸጡት ውስጥ ለኔ ልጅ በጣም የተስማማው የቱርኩ ነው። ቦሌም፣ መገናኛም፣ መርካቶም ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ ዕድሜውንም ሴንቲ ሜትሩንም አብረው ይጽፋሉ። እናንተ ሴንቲውን ብቻ አንብቡ። እግሩ ጠበብ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ቀጭን ልጅ ላይ አይንቦረቀቅም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ወገቡ ውስጥ ነው። ሱሪውን ገልብጣችሁ እዩት። በግራና በቀኝ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላስቲክና ትናንሽ ቁልፎች ካሉት አትለፉት። ላስቲኩን ስባችሁ በሚፈለገው ቀዳዳ ቁልፉን ታስገባላችሁ። ልጁ ሲያድግ መልሳችሁ ትለቁለታላችሁ። ሁለቱንም ጎን እኩል ሳቡ፤ አለበለዚያ ሱሪው ይጣመማል። እኔ 104 ቁጥር ገዝቼ 6 ሴንቲ ሳብኩት። ከኋላ ትንሽ ይሸበሸባል፣ ሸሚዙ ይሸፍነዋል። ከ8 ሴንቲ በላይ መሳብ ካስፈለጋችሁ ግን ሽብሽቡ ጀርባውን ይቆረቁረዋል። አንዳንዱ ላስቲኩ ለመልክ ብቻ ከኋላ የተሰፋ ነው። ያ አይስተካከልም።

የቻይናው ዋጋው ይቀላል። ወገቡ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ላስቲክ ስለሆነ ቀጭን ልጅም ላይ ይይዛል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። የቻይና መለኪያ በ10 ሴንቲ ነው የሚዘለው፤ 90፣ 100፣ 110። የኔ ልጅ 100ን አልፏል፣ 110 አልደረሰም። መካከል ላይ የቀረ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። 110ን ገዝቶ አንዴ ማጠፍ ነው የሚያዋጣው። ሌላ ማታለያም አለ። 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፉባቸው ልብሶች አሉ። ብዙ እናቶች ዕድሜ ይመስላቸዋል። አይደለም። የፋብሪካው ተራ ቁጥር ነው፣ ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። እንደዚህ ያለውን ሳትለኩ አትግዙ። ላስቲኩም ከብዙ አጠባ በኋላ ይለቃል። ግን ይኼ ቀላል ነው። ወገቡን በውስጥ በኩል ትንሽ ፈታ አድርጋችሁ አሮጌውን ታወጣላችሁ፣ አዲሱን ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ እየገፋችሁ ታስገባላችሁ። ላስቲኩ ከልጁ ወገብ 3 ሴንቲ ያህል ያጠረ ይሁን።

የአሜሪካው ወደ ብዙዎቻችን ቤት የሚመጣው በሻንጣ ነው። አክስት ወይም አጎት ይልካል። ሲልኩ ደግሞ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሦስት ትላላችሁ፣ 3ቲ (3T) የሚል ቁጥር ያለበትን ይገዛሉ። መለሎው ልጅ ሲለብሰው ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ይቀራል። በላኪው መፍረድ አይቻልም፣ በፍቅር ነው የላከው።

ስለዚህ ቲዋን እንያት። 2ቲ፣ 3ቲ፣ 4ቲ የሚሉት ገና ድክ ድክ ለሚሉ ልጆች የተሰፉ ናቸው። ካርተርስና ኦልድ ኔቪ የሚባሉት የአሜሪካ ልብስ አምራቾች ይጠቀሙባታል። ብዙዎቹ አምራቾች የቲን ሱሪ መቀመጫው ጋ ለዳይፐር ቦታ ትተው ነው የሚቆርጡት። ልጃችሁ ዳይፐር ካቆመ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። ቀጭን ልጅ ላይ ደግሞ በደንብ ያስታውቃል። ቲ የሌለው 4 ግን ለዳይፐር ቦታ አይተውም፣ ጠበብ ብሎ ነው የሚቆረጠው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ዳይፐር ያቆመ ረጅም ልጅ ካላችሁ ቲ የሌለውን 4 አስልኩ፤ ወገቡ የሚስተካከል መሆኑን ግን ንገሯቸው። «ስሊም» የሚባለው ቀጭን ልክም አለ፤ በብዛት የሚጀምረው ግን ከትምህርት ቤት ልጆች ቁጥር ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ማግኘት ይከብዳል። በሴንቲ ሜትር የሚሰይም የአሜሪካ አምራችም አለ፤ ሃና አንደርሰን ይባላል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ቁጥር የለም፤ ልጁ ራሱ ነው ቁጥሩ። ሰፈራችን ያሉት ጋሼ ልጄን አቁመው ሲለኩት «ይኼማ እግር ብቻ ነው!» ብለው ሳቁ። የሰፉለት ሱሪ እስካሁን ከለበሳቸው ሁሉ ልክ የመጣለት ነው። ጉልበቱ ያለው በጉልበቱ ቦታ ነው። ይኼ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ለርዝመት ብለን ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ሱሪ ስንገዛ መቀመጫው ይወርዳል፣ ጉልበቱም ከጉልበት በታች ይውላል። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ይጠልፈዋል።

የማሰፋት ምስጢሩ እጥፋቱ ነው። ታች ላይ 6 ሴንቲ እንዲያጥፉ ንገሯቸው። ከስድስትና ሰባት ወር በኋላ ይፈታል። ወገቡን በላስቲክ ያድርጉት። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት አጥባችሁ ውሰዱት። ጥጥ ሲታጠብ ያጥራል፣ በተለይ በርዝመቱ በኩል፤ ለኛ ልጆች ደግሞ ውዱ ነገር ርዝመት ነው። ጉድለቱም አለው። ቀጠሮ ይረዝማል። በዓል ሲቃረብማ አይታሰብም። ጨርቁ የሚለጠጥ ካልሆነ ልጁ ሲቀመጥ ይይዘዋል። እጥፋቱ ሲፈታም መስመሩ ይታያል፣ ጂንስ ከሆነ ደግሞ አይጠፋም። አዲስ ማሰፋት ከከበዳችሁ የተገዛውን ወገብ ብቻ ማስጠበብ ይቻላል። ዋጋው ከአዲስ ሱሪ ጋር አይወዳደርም።

ከየት ይመጣል ከሚለው እኩል የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ልጁ ራሱ ማውለቅ ይችላል ወይ? ልጄ ሽንቱ የመጣ ለት አይጠብቅም። ዚፕና ጠንካራ ቁልፍ ያለው ጂንስ ሲለብስ መንገድ ላይ አመለጠው። አለቀሰ፤ እኔም አብሬው ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በአዘቦት ቀን የማለብሰው ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቱታ ነው። ታችም ላይ ላስቲክ ያለው ቱታ ለመለሎ ልጅ ሁለት ጥቅም አለው። ትንሽ ቢረዝም ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይይዘዋል፣ መሬት አይጎተትም። ትንሽ ቢያጥር ደግሞ ያለቀበት አይመስልም። በክረምት ብርዱንም ያግዳል። ታይትም ቀጭን እግር ላይ ልክ ይመጣል፣ ጉልበቱ ጋ ግን ቶሎ ይሳሳል። ደረት ድረስ ወጥቶ በትከሻ የሚታሰረው ሱሪ ጨርሶ አይወርድም። ሽንት ቤት ገና መለማመድ ለጀመረ ልጅ ግን አልመክረውም፤ እስኪፈታ ድረስ ያልቃል።

ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ገበያው ላይ ግን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከሌሎቹ ጋር ያላወዳደርኩት አንድ ፍሬ ስለሚገኝ ነው። ቁጥር መምረጥ አይቻልም። ከዘመድ ልጅ የሚወረሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ለክቶ መመለስ ይቻላል።

ለራሴ የወሰንኩት ይኼን ነው። ለአዘቦት 110 ቁጥር የቻይና ቱታ ሦስት። ለመውጫ አንድ የቱርክ ሱሪ፣ 104፣ ከውስጥ ቁልፍ ያለው። ለበዓል አንድ፣ ጋሼ ጋ ተሰፍቶ። ጂንስ እስኪያድግ ይቆይ። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቱርኩን ግዙ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። ለፋሲካ ልትመጣ ነው። «የኔ ሸጋ ስንት ዓመት ሆነው?» አለችኝ።

«ዓመቱን ተይውና ጻፊ» አልኳት። «እግሩ 17 ኢንች፣ ወገቡ 19 ኢንች። ቲ የሌለው 4። ከውስጥ ላስቲክና ቁልፍ ያለው።»

ሱቅ ገብታ ሜትር አስዘርግታ ፎቶ ላከችልኝ። 17 ተኩል ይላል። ግማሹን ኢንች አጥፌ እሰፋለሁ፤ ለመስከረም ይፈታል።