የአጭር ልቦለድ ሴራ መተንተኛ ደብተር፦ ካርዶቹን ወድጃቸዋለሁ፣ ሠንጠረዡን አልተቀበልኩትም

ይህን የመልመጃ ደብተር የገዛሁት አንድ አጭር ልቦለድ አንብቤ ስጨርስ ታሪኩን መተረክ እየቻልኩ፣ እንዴት እንደተሠራ ለመናገር ግን አፌ ይያዝ ስለነበር ነው። ሁለት ወር ያህል ሠራሁበት። ግማሹ የንባብ ልማዴን ለውጦታል፤ ግማሹ ጀማሪን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ከደብተሩ ጋር ባዶ ካርዶች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ድርጊት ብቻ ይጻፋል። ካርዶቹ መጀመሪያ ደራሲው በተረከበት ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ምልሰቱ፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተረከው ድርጊት፣ የት እንደገባ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ በየሁለቱ ካርዶች መካከል «ከዚያ» ወይም «ስለዚህ» የሚል ቃል ይገባል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ያስረዳው ልዩነት ይኸው ነው፤ ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ሞተች ቢባል ታሪክ ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችው በሐዘን ነው ሲባል ግን ድርጊቶቹ በምክንያት ስለሚያያዙ ሴራ ይሆናል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1884 በወጣው የፈረንሳዊው ደራሲ የጊ ደ ሞፓሳ የአንገት ሐብል ታሪክ ላይ ሞከርኩት። ማቲልድ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሐብል ትጥላለች፤ እሷና ባሏ በ36 ሺህ ፍራንክ ሌላ ገዝተው ይተካሉ፤ ለዕዳው አሥር ዓመት ይለፋሉ፤ በመጨረሻ የጠፋው ሐብል የውሸት እንደነበር ትሰማለች።

ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ምን እንደሚፈርስ አየሁ። ሐብሉ የጠፋበት ካርድ ከተነሳ ታሪክ እንደሌለ ማንም ያውቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው፦ ባልየው፣ የሐብሉ መቆለፊያ ተሰብሮ እያሠራሽው እንደሆነ ለጓደኛሽ ጻፊላት የሚላት። በዚያች ደብዳቤ እውነቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አሥሩ የመከራ ዓመታት ባልኖሩ! ጌጣጌጥ ሻጩም ሐብሉን እኔ አልሸጥኩም፣ የሸጥኩት ማስቀመጫውን ብቻ መሆን አለበት ይላል። ከዚያ በፊት ታሪኩን ሦስት ጊዜ አንብቤው ይህን ንግር፣ ማለትም ፍጻሜውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ ልብ ሳልለው አልፌያለሁ። ካርድ ላይ በእጄ ስጽፈው ነው ያየሁት።

ወደ ሠንጠረዡ ስንመጣ ነገሩ ይበላሻል። ባለ አምስት ሣጥን ሦስት ማዕዘን ነው፤ ማንኛውም ልቦለድ እዚያ ውስጥ እንዲገባ ይገደዳል። የመልስ ገጹ ጡዘቱን (ግጭቱ እጅግ የሚከርበትን ቦታ) ሐብሉ በጠፋበት ሌሊት ላይ ያኖራል፤ አሥሩን ዓመት «የግጭቱ መርገብ» ይለዋል፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ «መፍትሔ» ይለዋል። ምን ተፈታና? ታሪኩ የሚቆመው እኮ የማቲልድን ምላሽ እንኳ ሳያሰማን ነው። ደብዳቤዋ ደግሞ ጭራሽ ሣጥን የላትም። ሦስት ማዕዘኑን ጀርመናዊው ደራሲ ጉስታፍ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ያቀረበው የድራማን አወቃቀር ለማስረዳት ነበር፤ አምስቱ ክፍሎችም ከባለ አምስት ገቢር ተውኔት ጋር የሚሄዱ ናቸው። ደብተሩ ይህን የትም ቦታ አይነግረንም፤ ተማሪ የአጭር ልቦለድ ሕግ ነው ብሎ ቢይዘው አልፈርድበትም።

ስለ መቼት (ታሪኩ ስለሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ) እና ስለ አንጻር (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ) የተጻፉት ገጾች አጭርና ግልጽ ናቸው፤ ቅሬታ የለኝም።

ሥነ ጽሑፍ ለሚያስተምርም ሆነ ለራሱ ለሚያነብ ሰው ለካርዶቹ ሲል ይግዛው እላለሁ። እኔ የመልስ ገጾቹን በስቴፕለር መትቼ ዘግቻቸዋለሁ፤ ካርዶቹ ግን አልቀውብኝ አሁን ወፍራም ወረቀት እየቆረጥኩ እጠቀማለሁ።