ለኮተቤዋ ሲስተር ምስጋናዬ ይድረስ

ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን አንብቡልኝ። የሦስት ዓመቱ ልጄ በትኩሳት ነድዶ፣ ድዱ አብጦና እየደማ፣ ምላሱና ከንፈሩ ቆስሎ ምራቁን መዋጥ እንኳን ተስኖት ነበር። አስቀድመን የሄድንበት ክሊኒክ አፉን በደንብ ሳያይ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ሸኘን።

ኮተቤ አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምትሠራው ሲስተር ግን ባትሪ አብርታ አየችው። ሕመሙ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለው ቫይረስ ያመጣው እንደሆነ፣ ትልቅ ሰው ከንፈር ላይ ወጥቶ ምች የምንለውም ከዚሁ ቫይረስ እንደሚመጣ፣ አንቲባዮቲክ ምንም እንደማይሠራለት አስረዳችን። ከጀመረው 72 ሰዓት ስላልሞላው ከጤና መኮንኑ ጋር ተማክራ አሲክሎቪር የተባለ ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ታዘዘለት። «ቁስሉ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሰውነቱ ውኃ ማነስ ነው» አለችን።

ከዚያ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አምጥታ ቀዝቃዛ ወተት ሞላች። ጫፉን በጉንጩና በድዱ መካከል አስገብታ በጠብታ በጠብታ ለቀቀችው። የመጀመሪያውን ጋውኗ ላይ ተፋባት፤ ስቃ ደገመችው። ቀጥሎ ሲሪንጁን ለእኔ ሰጥታ እስክለምደው ድረስ አጠገቤ ቆመች። በኪሎው ልክ የተለካውን ፓራሲታሞል ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት እንድንሰጠው፣ ብርቱካንና ቲማቲም፣ በርበሬ ያለበት ወጥም እንዲቀርበት፣ ከንፈሩን ቫዝሊን እንድንቀባው ነገረችን። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ጣቱን ከአፉ ወደ ዓይኑ እንዳይወስድ መጠበቅ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸና ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መውሰድ።

እናቴ ዳማከሴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሎሚም ጨምራ መጥታ ነበር። ሲስተር አልተቆጣቻትም፤ «እማማ፣ ዳማከሴውን እርስዎ ያሽትቱት፤ የልጁን አፍ ግን እንዲህ ቆስሎ ሳለ ቅጠልም ሎሚም አይንካው» አለቻት። እኔ ብናገር ኖሮ ሳምንት ታኮርፈኝ ነበር!

ልጄ አሁን እንጀራውን በሽሮ እየበላ ነው። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅሽ ይባረክ። ስሟን ሳላስፈቅዳት በአደባባይ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጠዋት የክትባት ወረፋ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ የልጁን የክትባት ካርድ መያዝ እንዳትረሱ።