የሲልኪ ጫጩት ወንድ ነው ወይስ ሴት? በላባ የሚደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ሲገመገም

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው አሜሪካ ውስጥ ያሉ የእንስሳት ላቦራቶሪዎች በፖስታ የሚሰጡትን፣ ጥቂት ላባ ተቀብለው የጫጩትን ጾታ በዲኤንኤ የሚያረጋግጡበትን አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ በቀቀንን ጨምሮ ለብዙ ዓይነት ወፎች ይሰጣል፤ እኔ የምጽፈው ግን ስለ ሲልኪ ዶሮ ብቻ ነው። የሌላ ዝርያ ዶሮ ያለው ሰው ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥ ዓይኑ ይነግረዋል፤ የሲልኪ ባለቤት ግን ግማሽ ዓመት ጠብቆም ጥርጣሬው ላይለቀው ይችላል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በከተማ ለሚያረባ ሰው የምርመራው ገንዘብ አያስቆጭም፤ ናሙናው በጥንቃቄ ካልተወሰደ ግን ውጤቱ ከግምት የሚሻልበት ምክንያት የለም።

ሲልኪ መነሻው ቻይና እንደሆነ የሚነገርለት ትንሽ ዶሮ ነው። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዘመን በእስያ ስላደረገው ጉዞ ሲተርክ እንደ ድመት ያለ ጠጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች መኖራቸውን ጠቅሷል፤ በአሜሪካም ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው። ቆዳውና አጥንቱ ጥቁር ነው፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች በእያንዳንዱ እግራቸው አራት ጣት ሲኖራቸው እርሱ አምስት አለው፤ አምስተኛዋም ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ላይ ትቀለበሳለች። የላባው ክሮች እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሌሉት ላባው ተበታትኖ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ይህ ላባ ዓይንን የሚማርከውን ያህል ጾታን ለመለየት እንቅፋት ይሆናል። በሌሎች ዝርያዎች አውራው ሲጎረምስ ከአንገቱና ከወገቡ ላይ ሹልና አንጸባራቂ ላባ ያወጣል፤ የሲልኪ አውራ ግን በዚያ ቦታም የሚያወጣው ያንኑ ለስላሳ ላባ ስለሆነ ልዩነቱ ቶሎ አይታይም።

ጾታ ማወቅ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። አገር ቤት አውራ ዶሮ ሸክም ሆኖ አያውቅም፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲደርስ ገበያ ላይ የሚፈለገው እርሱ ነው፤ ሌሊት ሲጮኽም ጎረቤት ከእንቅልፉ ይነቃበታል እንጂ አይከስስበትም። እኔ በምኖርባት በሲያትል ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በተሻሻለው ደንብ መሠረት በመኖሪያ ግቢ እስከ 8 ዶሮ ማርባት ሲፈቀድ አውራ ዶሮ ማኖር ክልክል ሆኗል፤ ተመሳሳይ ክልከላ ያላቸው የአሜሪካ ከተሞችም ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ አብዛኞቹ የጫጩት ማስፈልፈያዎች ሲልኪን የሚሸጡት ጾታ ሳይለዩ ነው። 4 ጫጩት ለሚገዛ ሰው አራቱም ሴት የመሆናቸው ዕድል ከ16 አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ አውራ እንደሚመጣበት አውቆ መግዛት አለበት። ያ አውራ መጮኽ ሲጀምር ደግሞ ልጆች ስም አውጥተውለት፣ ከእጃቸው እህል መልቀም ለምዶ፣ የቤቱ አባል ሆኖ ነው የሚገኘው። እንግዲህ ጾታውን በአምስተኛው ሳምንት ማወቅና በስድስተኛው ወር ማወቅ አንድ አይደሉም።

ማስፈልፈያዎቹ የማይለዩት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ጃፓኖች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያዳበሩት፣ የአንድ ቀን ጫጩት የሚጸዳዳበትን ቀዳዳ ገልጦ ጾታውን የመለየት ጥበብ የዕንቁላል ዶሮ በሚፈለፈልባቸው ትልልቅ ድርጅቶች ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ረጅም ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ ከመሆኑም በላይ የሲልኪን ያህል ትንሽ ጫጩት በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል። የክንፍ ላባን ርዝመት አይቶ መለየትም የሚሠራው ለዚሁ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ብቻ ነው። በብዙ አገር ሰዎች የሚያምኑት፣ ሹል ዕንቁላል ወንድ ድቡልቡል ዕንቁላል ሴት ያስፈለፍላል የሚለው አባባል ደግሞ መሠረት የለውም፤ የጫጩቱ ጾታ ቅርፊቱ ከመሠራቱ አስቀድሞ ከእናቲቱ በሚመጣው ክሮሞሶም የተወሰነ ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ በዓይኑ መገመት ይጀምራል። ምልክቶቹን ጠንቅቆ ማወቅ ምርመራውን ለሚያስደርግ ሰውም ስለሚጠቅም በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ጉትያው ነው። ስድስትና ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው የቄቧ ጉትያ በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም እኩል ተነፍቶ ክብ ይሆናል፤ የወንዱ ግን ወደ ኋላ ይተኛል፤ ከመካከሉም ከሌላው ላባ የረዘሙ ቀጫጭን ዘለላዎች ወደ ማጅራቱ ይወርዳሉ። እነዚህ ዘለላዎች በደንብ ወጥተው ከታዩ ግምቱ ወደ ወንድ ቢያደላ አያስወቅስም። ችግሩ የአንዳንዱ ወንድ ዘለላ እጅግ ዘግይቶ መውጣቱ፣ የአንዳንዷ ቄብ ጉትያም ላባ በምትቀይርበት ጊዜ ተበጣጥሶ የወንድ መምሰሉ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ከመንቁሩ በላይ፣ ከጉትያው ሥር የሚበቅለው ሥጋ ነው። ሲልኪ ላይ ይህ ሥጋ እንደ ሌላው ዶሮ መጋዝ የመሰለ ጥርስ የለውም፤ የተጨማደደ ትንሽ ጉብታ ነው፤ ቀለሙም ከቀይ ይልቅ ወደ ጥቁርነት ያደላል። በቄቧ ላይ ለብዙ ወራት ጠባብና ዝቅ ያለ ሆኖ ይቆያል፤ በወንዱ ላይ ከሦስተኛው ወር በኋላ ወደ ጎን እየሰፋ፣ እየወፈረና እየተጨማደደ ይሄዳል። ጉትያውን በጣት ወደ ኋላ ገለጥ አድርጎ፣ አብረው የተፈለፈሉትን ጎን ለጎን ይዞ ማነጻጸር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው፤ አንዱን ብቻውን አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። ከአገጩ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋም ጢም በሌላቸው ሲልኪዎች ላይ ጥሩ ምስክር ነው። ጢም ያላቸው ግን ጉንጫቸውና አገጫቸው በላባ የተሸፈነ፣ የሚንጠለጠለው ሥጋም በወንዱ ሳይቀር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይህ ምልክት ለእነርሱ አይሠራም። የእግር ውፍረት፣ ደረትን ነፍቶ መቆምና መጣላት የመሳሰሉትን ብዙ ሰዎች ይጠቅሳሉ፤ እኔ ግን አልታመንባቸውም፤ ቄቦችም ማን ቀድሞ እንደሚበላ እስኪወስኑ ድረስ አንገታቸውን ሰቅለው ይፋጠጣሉ። እርግጠኛ የሆነው ምልክት ጩኸት ወይም ዕንቁላል ነው። ሲልኪ ቀስ ብሎ የሚደርስ ዝርያ በመሆኑ ግን የመጀመሪያው ጩኸት አምስትና ስድስት ወር፣ የመጀመሪያው ዕንቁላል ሰባትና ስምንት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ላቦራቶሪው ይህን ሁሉ ጥበቃ የሚያሳጥርበት አሠራር ውስብስብ አይደለም። በወፎች ዘንድ ጾታን የምትወስነው እናት ናት፤ ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞሶም ሲኖረው ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። በሁለቱም ክሮሞሶሞች ላይ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ግን በዜድና በደብልዩ ላይ የሚለያይ አንድ የዘረመል ክፍል አለ። ባለሙያዎቹ ከላባው ሥር ከተገኙ ሕዋሳት ዲኤንኤ አውጥተው ያንን ክፍል ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ያባዙታል፤ ባለ አንድ ርዝመት ብቻ ከተገኘ ወንድ፣ ሁለት ርዝመት ከተገኘ ሴት ይባላል። ላቦራቶሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከ99 በመቶ በላይ ይሉታል፤ ከአሠራሩ አንጻር የሚታመን ነው። ስሕተት የሚፈጠረው በአብዛኛው ናሙናው ከቤት ሳይወጣ ነው።

ናሙና አወሳሰዱን በቅርብ ላሳይ። ጫጩቱ ልብስ የሚመስለውን የመጀመሪያ ጠጉሩን እየጣለ እውነተኛ ላባ ሲያወጣ፣ ማለትም በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይገባል። የሲልኪን ላባ ጫፉን ይዘው ቢስቡት በጣት መካከል ይበተናል፤ ስለዚህ ወደ ቆዳው ተጠግቶ ግንዱን አጥብቆ መያዝና ላባው በሚያድግበት አቅጣጫ ፈጠን አድርጎ መንቀል ያስፈልጋል። ከስሩ ላይ ነጭ ወይም ቀላ ያለች እርጥብ ነጥብ ከታየች ናሙናው ጥሩ ነው፤ ላቦራቶሪው የሚፈልገው እርሷን እንጂ የላባውን ውበት አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ወይም ወለል ላይ ወድቆ የተገኘ ላባ አይጠቅምም፤ የወደቀው የማን እንደሆነም አይታወቅም። ሥሩን በእጅ ሳይነኩ በየጫጩቱ ለየብቻ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ማስገባት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱም እጅን መታጠብ ግዴታ ነው። ከጉትያው ላይ ግን ፈጽሞ አይነቀል፤ ጉትያቸው ተልቆ በሚወጣ ብዙ ሲልኪዎች የራስ ቅላቸው አናት በአጥንት ሙሉ በሙሉ ያልተደፈነ ስለሆነ ያ ቦታ ሊነካካ አይገባውም።

መመሪያው ላይ በበቂ ሁኔታ ያልተጻፈው ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው ጉዳይ ምልክት ማድረግ ነው። ሦስት ነጭ ሲልኪ ጫጩቶች ያሉት ሰው ውጤቱ ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ገንዘቡን ጥሏል። ቀለሙ የተለያየ የፕላስቲክ ቀለበት በእግራቸው ማድረግ ይበቃል፤ የሲልኪ እግር በላባ ስለሚሸፈን ግን ቀለበቱ ተደብቆ እየጠበቀ ቆዳ እንዳይቆርጥ በየሳምንቱ ገልጦ ማየትና እያደጉ ሲሄዱ በሰፊ መቀየር ያስፈልጋል።

ውጤቱ ላቦራቶሪው ናሙናውን በተቀበለ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኢሜይል ይደርሳል። እኔን ይህን አገልግሎት እንድወድደው ያደረገኝ ከሌላ አርቢ የመጡ ሁለት ጫጩቶች ጉዳይ ነው። አርቢው ለዓመታት ሲልኪ ያረቡ ሰው ሲሆኑ፣ ክብ ጉትያ ያለውን ነጩን ያለ ጥርጥር ቄብ ነው፣ ጉትያው የተንጨባረረውን ገብስማውን ደግሞ ወንድ ነው ብለው በዋጋ ለይተው ነበር የሸጡት። የላቦራቶሪው ወረቀት የተገላቢጦሹን ይዞ መጣ። ነጩ ከወራት በኋላ ጮኸ፤ ገብስማዋ ደግሞ ወተት መሳይ ትንሽ ዕንቁላሏን ጥላ፣ ጥቂት ቆይታም እንደ ዝርያዋ ልማድ ጎጆዋ ውስጥ ተኝታ አልነሣም አለች። በእኚህ አርቢ ሐሰተኛነት አላምንም፤ በዚያ ዕድሜ ያንን ጉትያ ያየ ማንም ሰው እንደርሳቸው ይፈርድ ነበር። ቅር ያለኝ ግምታቸውን እንደ ዋስትና አድርገው ዋጋ ማስከፈላቸው ነው።

የአገልግሎቱን ጉድለት ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ዋጋው ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ቢለያይም ለአንድ ጫጩት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ብዙ ጫጩት ላለው ሰው ይህ ከጫጩቶቹ መግዣ ሊበልጥ ይችላል። የሚሞላው ቅጽ ለበቀቀን ባለቤቶች የተዘጋጀ ይመስላል፤ ስለ ዶሮ፣ ይልቁንም ግንዱ ስለሚልመሰመስ ላባ፣ አንድ መስመር እንኳ ቢጨመርበት ብዙ ናሙና ከመበላሸት ይድን ነበር። ናሙናው አልበቃም ተብሎ ሲመለስ ሁለተኛው ምርመራ በነጻ ይሁን በክፍያ በግልጽ የማይጽፉም ስላሉ ከመላክ በፊት መጠየቅ ይሻላል። አንዳንዶቹ ጫጩቱ የወጣበትን የዕንቁላል ቅርፊት ይቀበላሉ፤ በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚቀሩት የደም ሥሮች የጫጩቱ ስለሆኑ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በአንድ ማሽን ውስጥ አብረው ከሚፈለፈሉት መካከል የትኛው ቅርፊት የማን እንደሆነ ቆሞ ያልጠበቀ ሰው አያውቅምና ለቤት አርቢ አልመክረውም።

ሰፊ መሬት ያለው፣ አውራ የሚፈቀድበት ቦታ የሚኖር ሰው ይህ ወጪ አያስፈልገውም፤ ጉትያውንና ከመንቁሩ በላይ ያለውን ሥጋ እያየ ይጠብቅ። በከተማ የሚኖርና ሁለት ሦስት ሲልኪ ለልጆቹ ያመጣ ሰው ግን በአምስተኛው ሳምንት ናሙናውን ይላክ፤ ወንድ የሆነውም ገና ሳይጮኽ፣ ከከተማ ወጣ ብለው ለዘር አውራ ከሚፈልጉ አርቢዎች ቦታ ይፈለግለት፤ ጫጩት እያለ የሚቀበሉት ከጎረመሰ በኋላ ከሚቀበሉት ይበዛሉ። ምርመራውን ራሳቸው አስደርገው ውጤቱን ከጫጩቱ ጋር የሚሰጡ ሻጮችም አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ቢልም እኔ ከእንግዲህ የምገዛው ከእነርሱ ነው። ሻጩ «ቄብ ነች» ብቻ ካለ፣ ወንድ ሆና ብትገኝ መልሶ እንደሚወስዳት ገንዘቡ ሳይከፈል በጽሑፍ ማስፈረም ይገባል።