ገንዘቤን ላልነኩት ሲስተር

ሲስተር የኩላሊት እጥበት ነርስ ናቸው። እኔን ግን መርፌ ወግተውኝ አያውቁም። ካርድ አውጥቼ በራቸው ላይ ወረፋ ይዤም አላውቅም። ግን መኪናዬ ቪትዜ ዛሬም ግቢ ውስጥ ቆማ የምትታየኝ በእሳቸው ምክንያት ነው። ምስጋናው ዘግይቷል፤ ይድረሳቸው። ሥራቸው የሚያስፈልጋችሁም እንድታውቋቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 2014 ትዝ ይላችኋል? ከተማው በሙሉ ያስል ነበር። ታክሲ ውስጥ ማስክ ያደረገውም ያላደረገውም ያስላል። ሁሉም «ጉንፋን ነው» ይላል። እኛም ቤት ዳማከሴው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩ ቀረበ። እኔ መሥሪያ ቤቴ ወረቀት አምጪ ስላለኝ ተመረመርኩ። ኮቪድ ሆኖ ተገኘ። አሥር ቀን ተኝቼ ሥራ ተመለስኩ። ተመለስኩ ስል ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ ማለቴ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው። ቁጥር እንጀራዬ ነው። ያን ሰሞን ግን 57 ሺሁን 75 ሺህ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ኢሜይል ሦስት ጊዜ አንብቤ ማን እንደላከው ይጠፋኛል። አንድ ቀን ተላላኪያችንን «ያንን ወረቀት የሚነክሰውን አቀብለኝ» አልኩት። ስቴፕለር የሚለው ቃል ጠፍቶኝ ነው። ቢሮው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ፈረንጆቹ ብሬን ፎግ፣ የአእምሮ ጉም፣ ይሉታል። ለእኔ በክረምት ጠዋት እንጦጦን የሚሸፍነው ጉም ነው። ተራራው እዚያው እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ግን አይታያችሁም።

ድካሙም አለ። እሁድ ልብስ ካጠብኩ ማክሰኞ ከአልጋ አልነሳም። የሚገርመው በዕለቱ ደህና ነኝ፤ የሚጥለኝ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም አያምነኝም። ሰነፍሽ ተብያለሁ። ዓይን ገብቶብሽ ነውም ተብያለሁ።

ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። አንዱ ክሊኒክ ቫይታሚን ሰጠኝ። ሁለተኛው «ጭንቀት ነው» አለኝ። ሦስተኛው ታይፎይድ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። (በዚህ ከተማ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።)

በዚህ መሀል ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ጀርመን ውስጥ ደም የሚያጣራ ማሽን አለ፣ ቆጵሮስም ይሠራሉ፣ ብግነቱን (ኮቪድ ሰውነቴ ውስጥ ትቶታል የተባለውን መቆጣት) ከደምሽ አጥቦ ያወጣልሻል አለኝ። ቪዲዮም ላከልኝ። ሰዎች ከማሽኑ ተነስተው በደስታ ያለቅሳሉ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ እዚሁ አዲስ አበባ የውጭ ሕክምና የሚያመቻች ሰው አገኘሁ። «ደም ሲጸዳ አእምሮም ይጸዳል» አለኝ። እውነት ለመናገር ነገሩ ጆሮ ይገባል። ደሜ ቆሽሿል ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቀብድ ክፈይና ወረፋ ያዢ አለኝ። ቪትዜን ለደላላ ነገርኩ። የቀረውን ከእቁብ እና ከወንድሜ ልሸፍን አሰብኩ።

ሲስተርን ያወቅኋቸው በጎረቤታችን በጋሼ ነው። ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አላቸው። ልጆቻቸው ውጭ ስለሆኑ ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ያደርሳቸዋል። ሆስፒታሉ ከቸርችል ጎዳና ብዙም አይርቅም። መጋቢት 2015 ላይ ተራው የእኔ ሆነ። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ከጀርመን የመጣውን ወረቀት ሳገላብጥ ሲስተር አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?»

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ምን እንዲጣራልሽ ነው?»

«ብግነቱ» አልኩ።

«ብግነት ስሙ ማነው? ስለ ጋሼ ብትጠይቂኝ ዩሪያ፣ ክሬያቲኒን፣ ፖታሲየም እልሻለሁ። ከማሽኑ በፊት ለክቼ፣ ከማሽኑ በኋላ ለክቼ አሳይሻለሁ። ያንቺን ምን ብለን እንለካዋለን?»

መልስ አልነበረኝም። አመቻቹም ቢሆን አልነበረውም።

ከዚያ አስረዱኝ። እኔ እንደገባኝ ልጻፈው። የኩላሊት እጥበት ማጣሪያ እንደ ወንፊት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትንንሹን ቆሻሻ ያሳልፋል፤ ትልልቁ ደም ውስጥ ይቀራል። እኔ ልሄድለት የነበረው ግን ሌላ ነው፤ አፈረሲስ ይባላል። ደም ቀዩ ክፍል ሲለይለት የሚቀረው ቢጫ ውሃ ፕላዝማ ነው። ሲስተር «አጓት በይው» አሉኝ። በአንዱ ዓይነት ያንን አጓት ደፍተው በምትኩ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጡሻል። የጀርመኑ ደግሞ ሄፓሪን በሚባል መድኃኒት እየተረዳ ኮሌስትሮል የተሸከመውን ስብና ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ደም አርጊ ፕሮቲን ይዞ ያስቀራል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራውም በዘር ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ ላለ ሰዎች ነው።

«አጓቱ ሲደፋ ክፉው ብቻ አይደፋም» አሉኝ። «ደም የሚያረጋውም፣ በሽታ የሚከላከልልሽም አብሮ ይሄዳል።» አንዳንዴ አንገት ላይ ወፍራም ቱቦ ይገባል፤ ቱቦ ባለበት ኢንፌክሽን አለ። ፕላዝማ ሲለወጥ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት የሚባል መድኃኒት ካልሲየም ሊያወርድና ከንፈር ሊያደነዝዝ ይችላል። «ጋሼ ይህን ሁሉ የሚችሉት ምርጫ ስለሌላቸው ነው። አንቺ ምርጫ አለሽ።»

እኔም ግትር ነኝ። ታዲያ ለማንም አይሠራም ማለት ነው አልኳቸው። እንደሱ አላሉም። ጊላን ባሬ የሚባል፣ ሰውነት የራሱን ነርቭ የሚያጠቃበት በሽታ አለ፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ጡንቻ የሚያዝል አለ። ለእነዚህ ፕላዝማ መለወጥ የታወቀ ሕክምና ነው። «እዚያ ሌባው ይታወቃል፤ ይዘው ያወጡታል። ያንቺ ሌባ ገና አልተያዘም።» ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ኮቪድ ባለፈባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ጥቃቅን የረጋ ደም አየን ማለታቸውንም ያውቃሉ። «ጥሩ ፍንጭ ነው። በፍንጭ ግን መኪና አይሸጥም።»

ስልካቸው ላይም አንድ ነገር አሳዩኝ። ቢኤምጄ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በፈረንጆቹ ሐምሌ 2022 ያወጣው ነው። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ያላቸውን አሟጠው ለዚሁ ማጣራት ወደ ቆጵሮስ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ እንደሚጎርፉ ይናገራል። ራሴን ያየሁት መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ላኩኝ። እኚያ ሐኪም መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዝም ብለው ሃያ ደቂቃ መስማት ነበር። ከዚያ ማንም ያላዘዘልኝን ተራ ምርመራ አዘዙ። የደም ማነስ፣ የብረት ክምችት፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ቢ12፣ የሳንባ ራጅ። እንቅልፌንና ስሜቴንም ጠየቁኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከኮቪድ በኋላ የሚቆየውን ሕመም (ሎንግ ኮቪድ) የሚተረጉመው እንዲህ ነው አሉኝ። ከበሽታው ሦስት ወር በኋላ ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ፣ በሌላ ምክንያት የማይገለጥ። «በሌላ ምክንያት» የምትለዋን ማንም አላየልሽም ማለታቸው ነበር። የእኔ የብረት ክምችት ወለሉ ላይ ነበር። እሱ ታከመና የጉሙ የተወሰነ ክፍል ተነሳ። ሁሉም ግን አልተነሳም።

ለቀረው ሲስተር የሰጡኝ ምክር ከሂሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ጋር የሚሄድ ነው። «አቅምሽን እንደ ደሞዝ ያዢው። ወሩ ሳያልቅ አትጨርሺው፤ ከነገ ደግሞ አትበደሪ።» ሳይደክመኝ ማረፍ ማለት ነው። ልብሱን በሦስት ቀን ከፋፍዬ አጥባለሁ። ከባዱን ሂሳብ ጠዋት እሠራለሁ፤ ከሰዓት ፋይል አስተካክላለሁ። ስፖርት ሥሪና ይለቅሻል ያለኝን ሰው ምክር ትቼዋለሁ፤ እሱ ነበር ሁለት ጊዜ አልጋ ላይ የጣለኝ።

እናቴ እንጦጦ ጸበል ካልወሰድኩሽ ብላ ነበር። ሲስተር ይቃወማሉ ብዬ ፈራሁ። «ተጠመቂ፣ ማን ከለከለሽ» አሉኝ። «ዳገቱን ግን በእግርሽ አትውጪው። መኪናሽን አልሸጥሽ!»

የዚያን ቀን ለቡና ብዬ ብር በእጃቸው ላስጨብጣቸው ሞከርኩ። መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ቡና ልጋብዛቸው ብል ብቻ እሺ አሉኝ። ያ ካፌ ዛሬ የለም፤ ኮሪደር ልማቱ ወስዶታል።

ይህን ጽሁፍ አሁን ያስጻፈኝ በቴሌግራም የላኩልኝ መልእክት ነው። ስፔን ውስጥ ኮቪድ ካለፈ በኋላ ሕመሙ የቆየባቸው 50 ሰዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ በፈረንጆቹ 2025 ውጤቱ ወጥቷል። ገሚሶቹ ፕላዝማቸው በእውነት ተለወጠ፤ ገሚሶቹ ማሽኑ ላይ ተኝተው የተለወጠላቸው መሰላቸው። ማን የቱ እንደደረሰው አያውቁም። ሕክምናው በጥቅሉ ደህንነቱ የተጠበቀ ሆኖ ተገኘ፤ ግን በሁለቱ መሀል ልዩነት አልተገኘም። ሲስተር ከሥሩ «ቪትዟ እንዴት ናት?» ብለው ጽፈውልኛል። በመጋቢት 2015 ኮሪደር ላይ ያገኟትን፣ በሽተኛቸው እንኳ ያልሆነች ሴት አስታውሰው ማለት ነው።

ድኛለሁ አልልም። ባለፈው ሳምንትም አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤያለሁ። ግን ስቴፕለርን በስሙ እጠራዋለሁ።

አሁን ወደ ጥቆማው። ሲስተር ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ቤት ለቤት ነርስነት ይሠራሉ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ካላችሁ የቱቦውን ቁስል ንጽህና፣ የሚጠጣውን ውሃ ልክ፣ ከሙዝና ከድንች ምን ያህል እንደሚበላ ለቤተሰቡ ቁጭ ብለው ያስተምራሉ። የጋሼን ሠራተኛ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አሁን እኔን የምትቆጣጠረኝ እሷ ሆናለች። ዋጋቸው ምክንያታዊ ነው፤ አስቀድመው ይናገራሉ፤ በማያውቁት ነገር ደግሞ «ይህ የሐኪም ነው» ብለው ይልኳችኋል። አንድ ጉድለት አላቸው፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ቁጥራቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ማሽኖቹ ጋ ናቸው። ቤታችሁ ሲመጡ ደግሞ ቡናው ያለ ስኳር ነው።